ወርቁን ከመለጠፋችሁ በፊት ሙጫውን በጣታችሁ ፈትኑት

ጊታር ወይም ሃርፕ (በገና መሰል ባለ ክር መሣሪያ) ላይ የወርቅ ቅጠል፣ ማለትም እጅግ ስስ ሆኖ የተቀጠቀጠ ወርቅ፣ ልትለጥፉ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሥራውን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ወርቁ ሳይሆን ችኮላ ነው። እኔም የመጀመሪያዬን ያበላሸሁት በዚሁ ነው።

በዘይት የተሠራው የወርቅ ሙጫ እንደ ዓይነቱ 3 ሰዓት፣ አንዳንዱም 12 ሰዓት ይፈልጋል። በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ተዉት። ከዚያ በጣታችሁ አንጓ ነካ አድርጉት። ሙጫው ጣታችሁ ላይ ከቀረ ገና ነው። ጣታችሁ ላይ ምንም ሳይቀር ያዝ አድርጎ ሲጥ ካለ ደርሷል። እርጥብ ሙጫ ላይ ያረፈ ወርቅ ይሰምጣል፣ ደብዝዞም ይቀራል።

ቅጠሉ የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺህኛ ያህል ነው ውፍረቱ። ስለዚህ ከሥሩ ያለችው ጭረት ሁሉ ትታያለች። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ በቫርኒሽ ድፈኑ፣ አቧራውን ጥረጉ። ማራገቢያ አጥፉ፣ መስኮትም ዝጉ። ትንፋሽ ራሱ ቅጠሉን ያበርረዋል! ለጀማሪ ወረቀት ላይ ተጣብቆ የሚሸጠው ቅጠል ይሻላል።

የጊታሩን አናትና ጠርዙን አስጊጡ እንጂ የፊት ሰሌዳውን ተዉት። የሚርገበገበው እሱ ነው፣ የሙጫና የቫርኒሽ ክምር ድምፁን ያፍነዋል። እጅ የሚያርፍበት ቦታም ቶሎ ይላጣል።

ከመዳብና ከዚንክ የተሠራውን አስመሳይ ቅጠል ከገዛችሁ ደግሞ ላዩን የግድ በቫርኒሽ ሸፍኑት። አለዚያ ላብ ሲነካው ይጠቁራል።