«ካልሆነ አይሆንም» እና «ከሆነ ይሆናል»፦ ሁለቱን እንዴት እንለያለን?

አንድ ቀን እዚሁ ባሕር ዳር ጉዳይ ለማስፈጸም አንድ ቢሮ ሄድኩ። «መታወቂያህን ካላሳደስክ አናስተናግድህም» አሉኝ። አሳድሼ ተመለስኩ። «ፎቶስ?» አሉኝ። ዋሹኝ ብዬ በጣም ተናደድኩ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን አልዋሹኝም። እነሱ ያሉት «ካላሳደስክ አይሆንም» ነው። እኔ የሰማሁት «ካሳደስክ ይሆናል» ነበር። አንዴ ዘርዝረው ቢነግሩኝ ኖሮ አልመላለስም ነበር፤ ቅሬታዬ እሱ ላይ ነው።

በሎጂክ የመጀመሪያው አስፈላጊ ሁኔታ (ያለ እሱ የማይሆን)፣ ሁለተኛው በቂ ሁኔታ (እሱ ብቻ ካለ የሚሆን) ይባላል። ለመለየት እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ «ካል» የምትለዋን ፈልጉ። ደግነቱ አማርኛ ራሱ ያግዘናል። «ካል… አይ…» የሚል ዓረፍተ ነገር ስለ አስፈላጊ ነገር ነው የሚያወራው። ክብራን ገብርኤልን ውሰዱ። ገዳሙ ጣና ሐይቅ ውስጥ፣ ደሴት ላይ ነው፤ ሐይቁን ካልተሻገራችሁ አትደርሱም። መሻገር አስፈላጊ ነው። ገዳሙን ለመሳለም ግን ይበቃል ወይ? አይበቃም። ክብራን ሴት አይገባም። እህታችሁ እናንተ በተሳፈራችሁበት ጀልባ፣ የእናንተን ያህል ከፍላ ብትሻገርም ገዳሙን አታይም። እሷ መሳለም የምትችለው ጎረቤቱን እንጦስ ኢየሱስን ነው።

ቀጥሎ ዓረፍተ ነገሩን ገልብጡትና የሚያፈርሰው ምሳሌ ፈልጉ። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጥበት ቦታ ቁሙ። «ቆሮሶ ከሆነ ዓሣ ነው» ብትሉ ማንም አይከራከራችሁም። ቆሮሶ መሆን ዓሣ ለመሆን በቂ ነው። ሲገለበጥስ? «ዓሣ ከሆነ ቆሮሶ ነው።» አጠገቡ የተጋደመውን ጢማም አምባዛ እዩ። ዓሣ ነው፤ ቆሮሶ አይደለም። በቃ፣ አንድ አምባዛ ዓረፍተ ነገሩን አፈረሰው። መቶ ቆሮሶ ብትደረድሩ አያድነውም። መገልበጥ የሚያዋጣው ሁለቱንም ጎን አብራችሁ ወደ አሉታ ስትቀይሩ ነው፦ «ዓሣ ካልሆነ ቆሮሶ አይደለም።» ይኼ ሁልጊዜ ይሠራል።

አንዳንዴ አስፈላጊውም በቂውም አንድ ነገር ይሆናል። ወደ ጣና ብዙ ወንዝ ይገባል፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ። በተፈጥሮ ከጣና የሚወጣው ግን ዓባይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጣና የሚወጣ ወንዝ ከሆነ ዓባይ ነው፤ ካልወጣም ዓባይ አይደለም። «በተፈጥሮ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ዋሻም ከሐይቁ ውሃ ያወጣል፤ እሱን ግን ሰው ነው የቆፈረው። ቃሏን ብንተዋት ዋሻው ሐሳባችንን ያፈርሰው ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን ሎጂክን አታክርሩት። እናት ልጇን «እራትህን ካልበላህ አትወጣም» ስትለው፣ በቃሉ ከሄድን ከበላ ይወጣል አላለችም። በቤት ወግ ግን ቃል ገብታለች። ልጁ ሳህኑን ጨርሶ ቀና ሲል «እንደዛ አላልኩም» ብትለው በድላዋለች ባይ ነኝ።

ማስታወቂያና ውል ላይ ነው መጠንቀቅ። «የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ዲግሪ ያለውን ሁሉ እቀጥራለሁ አላለም። ስንት ልጅ መስፈርቱን አሟልቶ ሲቀር «ሳልበቃ ቀርቼ ነው» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። መስፈርቱ የሚነግረው ያለ እሱ እንደማይቀጠር ብቻ ነው።

እኔ አሁን ቢሮ ስሄድ መስኮቱ ጋ አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ አልመለስም፦ «ይኼ ብቻ ይበቃል ወይስ ሌላም አለ?» ብዙ ጊዜ ሌላም አለ። ያኔ ወረቀት አውጥቼ እጽፈዋለሁ።