«ፒክ አፕ» ሲባል የሚፈጸሙ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ እንግዳ የሚቀበል ሰው፣ አስጎብኚም ሆነ የጀልባ ወይም የባጃጅ ነጂ፣ በእንግሊዝኛ «ፒክ አፕ» (pick up፣ ሄዶ መውሰድ) ሳይል አይውልም። ቃሉ ከቦታና ከሰዓት ጋር ስለሚነገር፣ ሲሳሳቱበት እንግዳው ቆሞ ይቀራል።

ከሁሉ በፊት የሚታረመው «አይ ዊል ፒክ አፕ ዩ» ማለት ነው። ትክክሉ «አይ ዊል ፒክ ዩ አፕ» ነው። «ዩ»፣ «ሂም»፣ «ዜም» ሁልጊዜ በ«ፒክ» እና በ«አፕ» መካከል ይገባሉ። ስም ሲሆን ግን «ፒክ አፕ ዘ ጌስትስ»ም «ፒክ ዘ ጌስትስ አፕ»ም ያስኬዳል። ስህተቱ የሚመጣውም ለስም የለመድነውን አቀማመጥ ወደ ተውላጠ ስም ስንወስደው ነው።

«አይ ዊል ፒክ ዩ አፕ ቱ ዘጌ» የሚሉም ብዙ ናቸው። «ፒክ አፕ» እንግዳው ካለበት ሄዶ መውሰድ ነው፤ ስለዚህ ተከትሎት የሚመጣው መነሻው እንጂ መድረሻው አይደለም። «አይ ዊል ፒክ ዩ አፕ አት ዩር ሆቴል ኤንድ ቴክ ዩ ቱ ዘጌ» ቢባል ሁሉም ይገባዋል። መልሶ ሆቴሉ ማድረስ ደግሞ «ድሮፕ ዩ ኦፍ» ነው።

ሰዓቱ የሰዋስው ጉዳይ ባይሆንም ከሁሉ የሚከፋው እሱ ይመስለኛል። ጠዋት 2 ሰዓት ለመምጣት አስቦ «አት ቱ» የሚል ነጂ፣ እንግዳውን ከቀኑ 8 ሰዓት ይቀጥረዋል። «ኤይት ኤ ኤም» ማለት አለበት። ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚበረታ የጠዋቱ ጉዞ እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ይህንኑ እንግዳው «ዘ ዊንድ ፒክስ አፕ» ብሎ ሊናገር ይችላል፤ ነፋሱ እየበረታ ነው ማለቱ ነው እንጂ የሚያነሳው ነገር የለም።

የኃላፊ ጊዜው አነባበብ «ፒክት አፕ» ነው፤ «ፒክድ» አይባልም።

መጠጥ ቤት ስለተዋወቁት ሰው ሲያወሩ ግን ቃሉን ይተዉት። «አይ ፒክት አፕ አ ገርል» ሴት አጥምጄ ወሰድኩ የሚል ትርጉም አለው። መተዋወቅ ብቻ ከሆነ «አይ ሜት» ይበቃል።

ቋንቋን በተመለከተ «ፒክ አፕ» ከሰው ጋር በመዋል መልመድ ነው። ገበያ ውላ አማርኛ የቀሰመች እንግዳ «አይ ፒክት አፕ ሰም አምሃሪክ» ብትል ልክ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንግሊዝኛ የተማረ አስጎብኚ ግን «ስተዲድ» ይበል፤ ድካሙን አያሳንስ።