እቶኑ ጭሱን ወደ ፊታችሁ ሲተፋ፦ ችግርና መፍትሄ

የሸክላ መተኮሻ እቶናችሁ አልሞቅ ካለ ቶሎ ብላችሁ እንጨት አትጨምሩ። ኮምቦልቻ ላይ ቆንጆ አድርጎ ያገለገለንን እቶን ልክ በልክ ደሴ ላይ ብንሠራው ጭሱን በሙሉ በማገዶ መክተቻው መለሰው። ጡቡ ያው፣ ባሕር ዛፉ ያው፤ የተለየው አየሩ ነው። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2500 አካባቢ። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጭስ ማውጫው የመሳብ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ጭሱ ወደ ኋላ ይመለሳል
አብሽሩ፣ መጀመሪያ ወጪ የሌለውን ሞክሩ። ቀዝቃዛ ጭስ ማውጫ አይስብም። ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ተዉና ጭድና ወረቀት አንድዱበት፤ ሲሞቅ ቀዳዳውን በጡብና በጭቃ ድፈኑት።

ካልሆነ ጭስ ማውጫው አጥሯል ማለት ነው። እሳቱ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ተመልሶ ወርዶ በወለሉ በኩል የሚወጣ ከሆነ የተለመደው ስሌት ይኼ ነው፦ ጭሱ ለሚወርድበት ለእያንዳንዱ 1 ሜትር 3 ሜትር ጭስ ማውጫ፣ ወደ ጎን ለሚሄድበት ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ደግሞ 1 ሜትር። የኛ 1 ሜትር ይወርዳል፣ 1.5 ሜትር ወደ ጎን ይሄዳል፤ ስለዚህ 3.5 ሜትር አቆምን። ለኮምቦልቻ በቃ፣ ለደሴ አልበቃም። ወደ 4.5 ሜትር ስናሳድገውና ትንሽ ስናሰፋው ነው ጭሱ መንገዱን የያዘው። ይኼን ነገር አጥብቄ የምናገረው ጭሱ የሚጎዳው የሸክላ ሠሪ እናቶቻችንን ዓይንና ደረት ስለሆነ ነው።

ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ሙቀቱ ግን ቆሟል
እሳቱ አየር አጥሮታል። አመዱን ጥረጉ፣ እንጨቱን በቀጭኑ ፍለጡ፣ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ቶሎ ቶሎ ክተቱ።

ጀበናው ጧ ብሎ ይፈነዳል
ይኼ የጭስ ማውጫ ችግር አይደለም፣ እርጥበት ነው። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከዚያ በታች ለሰዓታት በትንሽ እሳት አቆዩት፣ በተለይ በክረምት። ሲቀዘቅዝ ከተሰነጠቀ ግን በሩን ቸኩላችሁ ከፍታችኋል። ሸክላው 573 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በውስጡ ያለው አሸዋ መጠኑ በድንገት ይለወጣል፤ እዚያ ላይ ቀዝቃዛ አየር ከመታው አለቀለት።

ጭስ ማውጫው ይሰነጠቃል
ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ሲሚንቶ ነው፤ ሙቀቱን አይችልም፣ ይፈረፈራል። በጭቃ፣ በአሸዋና በተፈጨ ገል ገንቡት። ሁለተኛው ከእቶኑ ግድግዳ ጋር አንድ ላይ መታሰሩ ነው። እቶኑ ሲሞቅ ስለሚያብጥ ጭስ ማውጫው ለብቻው ይቁም።

በስንጥቁ ቀዝቃዛ አየር ከገባ ስበቱ ይሞታል። የቡና ዕጣን አጭሱና እሳቱ እየነደደ ወደ ስንጥቁ አስጠጉት። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ እዚያው ላይ ጭቃ ምረጉ።