ቀላል ባቡር ለአዳማ፦ ከካታሎጉ በፊት ምን ይጠየቃል?

አዳማ ላይ ስለ ቀላል ባቡር በተወራ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ፎቶ ነው። የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ ሰፋፊ መስኮት፣ ሾል ያለ አፍንጫ። ከፎቶ የጀመረ ገዢ ግን ገና ሳይደራደር ተበልቷል። ሻጩ ያለውን ይሸጥለታል እንጂ ከተማው የሚፈልገውን አይሸጥለትም። ስለዚህ ሐሳቡ አንድ ቀን ከወሬ አልፎ ጨረታ ላይ ከደረሰ፣ ሰነድ የሚያዘጋጁት ባለሙያዎችም ሆኑ ዕዳውን የምንከፍለው ነዋሪዎች ምን መጠየቅ እንዳለብን ከአሁኑ ብናውቀው ይሻላል።

በቆጠራ ጀምሩ። ጠዋት ሰው ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት በሚጋፋበት ሰዓት፣ ማታም ከ11 ሰዓት በኋላ፣ በሞጆ መውጫ፣ በፖስታ ቤትና በወንጂ መውጫ በኩል በአንድ አቅጣጫ በሰዓት ስንት ሰው ያልፋል? ሚኒባሱን፣ ባጃጁን፣ ጋሪውን፣ እግረኛውን ሁሉ ቁጠሩ። የባቡሩን ቁጥር የሚወስነው የቀኑ ድምር ሳይሆን የግፊያው ሰዓት ነው።

ከዚያ ስሌቱ ቀላል ነው። 10 ኪሎ ሜትር መስመር አለ እንበል። ባቡሩ ፌርማታ ላይ የሚቆምበት ጊዜ ታስቦ በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ከጫፍ ጫፍ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። ደርሶ መልስ 60 ደቂቃ። በሁለቱም ጫፍ ለመመለሻና ለሹፌሩ ትንፋሽ 6፣ 6 ደቂቃ ስትጨምሩ 72 ይሆናል። በየ6 ደቂቃው ባቡር ይምጣ ካላችሁ 72ን ለ6 አካፍሉ፤ 12 ባቡር መስመር ላይ መኖር አለበት። ጥገና ላይ ለሚውሉ 2፣ ለድንገተኛ ተጠባባቂ 1 ጨምሩ። የምታዝዙት 15 ነው። እያንዳንዱ 200 ሰው ቢይዝ በሰዓት በአንድ አቅጣጫ 2,000 ሰው ያደርሳሉ፤ 12 ሰው በሚጭን ሚኒባስ ሲመነዘር ወደ 167 ሚኒባስ ማለት ነው። ቆጠራችሁ ከዚህ በጣም ካነሰ ባቡሩን ተዉትና ጥሩ አውቶቡስ ግዙ። ይሄን በስብሰባ ላይ በግልጽ የሚናገር ባለሙያ ያስፈልጋል።

አሁን ያንኑ መስመር ባጃጅ በየመስቀለኛው ሰብሮ እየገባበት፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 15 ኪሎ ሜትር ወረደ በሉ። ደርሶ መልሱ 80፣ ከመመለሻው ጋር 92 ደቂቃ ሆነ። በየ6 ደቂቃው ለማምጣት 16 ባቡር መስመር ላይ ያስፈልጋል። 4 ባቡር ጨመረ ማለት ነው፣ አንዷ ተጨማሪ ተሳፋሪ ሳትሳፈር። የአንዱ ባቡር ዋጋ በሚሊዮን ዶላር ስለሚቆጠር፣ መስቀለኛ መንገዱን ማስተካከልና ለባቡሩ ቅድሚያ የሚሰጥ መብራት መትከል ከአራት ባቡር በብዙ ይረክሳል። ባቡር ከመቁጠራችሁ በፊት መንገዱን አስተካክሉ የምለው ለዚህ ነው።

መስመሩ ሳይረጋም አትዘዙ። የስኮትላንዷ ኤዲንብራ 27 ባቡር ያዘዘችው ለረጅም መስመር ነበር። ወጪው ናረና መስመሩ ተቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ2014 አገልግሎት ሲጀመር ከተማዋ ከሚያስፈልጋት በላይ ባቡር ታቅፋ ነበር። መፍትሔው የመጀመሪያውን ትዕዛዝ አነስ አድርጎ፣ ተጨማሪውን በተወሰነ ዋጋ በኋላ የማዘዝ መብት ውሉ ውስጥ ማስገባት ነው።

ስለ መጠን ስታወሩ የሻጩን የተሳፋሪ ቁጥር እንዳለ አትቀበሉ። የአዲስ አበባው ባቡር 286 ሰው ይይዛል ይባላል። እንዲህ ዓይነት ቁጥር ስትሰሙ “ቆሞ የሚሄደው በካሬ ሜትር ስንት ሰው ተደርጎ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። በካሬ ሜትር 4 ሰው ሲታሰብና 8 ሰው ሲታሰብ ያው ባቡር ሁለት የተለያየ ባቡር ይመስላል። ሁሉም ተጫራቾች በአንድ መለኪያ እንዲያስቡ ሰነዱ ላይ ጻፉት፤ ለእኔ 4 ለምቾት፣ 6 ለግፊያ ሰዓት ተገቢ ነው። ወንበር አብዝቶ መተላለፊያውን ማጥበብም አይጠቅምም። በገበያ ቀን ሸቀጥ ይዞ የሚሳፈር አለ፣ ልጅ ያዘለች እናት አለች፣ ሰፊ በርና ክፍት ቦታ ይፈልጋሉ።

ወለሉም ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው። የአዲስ አበባው 70 በመቶ ዝቅተኛ ወለል ያለው ነው፤ መሐሉ ዝቅ ያለ፣ ሞተር ያለባቸው ጫፎቹ ከፍ ያሉ። ሙሉ በሙሉ ዝቅተኛ የሆነው ለአካል ጉዳተኛና ለአረጋዊ ይመቻል፣ ያምራልም። ብዙዎቹ ግን ጎማውን የሚሸከመው ክፍል፣ ቦጊ የሚሉት፣ እንደ ልቡ አይዞርም። ጠባብ ኩርባ ላይ ጎማውም ሐዲዱም ቶሎ ይበላል። በሮቹ ዝቅተኛው ወለል ላይ እስከሆኑ ድረስ ለአዳማ 70 በመቶው ይበቃል ባይ ነኝ፤ ጥገናው ይቀላል።

ብዙ ሰው የሚያነሳው ሌላ ጥያቄ አለ። “ከከተማው ወጣ ብሎ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ጣቢያ አለን፣ ለምን በዚያው ሐዲድ አንጠቀምም?” ሐዲዱ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፣ እንደ አዲስ አበባው ቀላል ባቡር። መመሳሰሉ ግን እዚያ ላይ ያበቃል። የጅቡቲው መስመር በ25,000 ቮልት ተለዋዋጭ ኃይል ይሠራል፣ ቀላል ባቡሩ በ750 ቮልት ቀጥተኛ። የጣቢያው መሳፈሪያ ከፍታ፣ ምልክቱ፣ ከጭነት ባቡር ጋር ቢጋጭ መቋቋም ያለበት ጥንካሬ ሁሉ ሌላ ነው። በተለዋዋጭም በቀጥተኛም ኃይል የሚሄድ ባቡር በዓለም አለ፤ የጀርመኗ ካርልስሩኸ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትጠቀምበታለች። ውድና ውስብስብ ስለሆነ ግን አዳማ በዚያ እንድትጀምር አልመክርም።

አሁን ወደ ራሳችን አየር። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የባቡር ኤሌክትሪክ ዕቃ በዓለም አቀፍ ደረጃ በተለምዶ የሚሠራው እስከ 1,400 ሜትር ታስቦ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩና የኃይል መቀየሪያው እንደልብ አይቀዘቅዙም። ሙቀታችን ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከፍታውንና ከፍተኛውን ሙቀት በቁጥር ጻፉ፤ ማቀዝቀዣው ሞልቶ በተጫነ ባቡር፣ በቀትር፣ በሩ በየፌርማታው እየተከፈተ እንዲፈተሽ ጠይቁ። ነፋሱም አለ። የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች እዚህ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ያው ነፋስ አቧራውን ወደ ማቀዝቀዣው፣ ወደ በሩ መንሸራተቻና ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሳጥኑ ይነዳዋል። ማጣሪያው በስንት ጊዜ እንደሚቀየርና ዋጋው ስንት እንደሆነ ሳይጻፍ አትፈርሙ። ክረምት ላይ ከዙሪያው ተራሮች የሚወርደው ጎርፍም አይረሳ። ዝቅተኛ ወለል ባቡር አብዛኛውን ዕቃ ጣሪያው ላይ ስለሚሸከም ጥሩ ነው፤ ሞተሩና ብሬኩ ግን ታች ናቸው። ባቡሩ ስንት ሴንቲ ሜትር ውኃ ውስጥ በዝግታ ማለፍ እንደሚችል አምራቹ በጽሑፍ ይንገራችሁ።

መብራቱም ይዋዥቃል። የ750 ቮልት ባቡር በደረጃው መሠረት ከ500 እስከ 900 ቮልት ባለው ውስጥ መሥራት አለበት። ኃይል ድንገት ሲጠፋ ባቡሩ መስቀለኛ መንገድ ላይ እንዳይቀር፣ በራሱ ባትሪ ቢያንስ እስከ ሚቀጥለው ፌርማታ የሚያደርሰው አቅም ይጨመርበት። ውድ ነው። ለአዳማ ግን ያስፈልጋል።

አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር፦ የውስጥ ማሳያው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ መጻፍ አለበት። ማሳያው የቁቤንም የግዕዝንም ፊደል በትክክል እንደሚያወጣ ፋብሪካው ውስጥ ሳላችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ጎማውና ሐዲዱ አንድ ላይ ይታዘዙ። የብረቱ ጎማ ቅርጽና የሐዲዱ ራስ ቅርጽ ካልተስማሙ ሁለቱም ይበላሉ። የካናዳዋ ኦታዋ መስከረም 2019 እ.ኤ.አ. የከፈተችው መስመር ላይ አዲስ፣ ብዙም ያልተፈተነ ሞዴል አስገባች። በሩ፣ ጎማው፣ አክስሉ በየተራ አስቸገረ። በ2021 ደግሞ በነሐሴና በመስከረም ሁለት ጊዜ ባቡር ከሐዲድ ወጣ። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አገልግሎቱ ሳይዘጋጅ በጥድፊያ መከፈቱንም ነቅፏል። የእኛ ትምህርት፦ የመጀመሪያ ደንበኛ አትሁኑ። ሞዴሉ ሌላ ከተማ ላይ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ሲሠራ የቆየ ይሁን፤ እዚያ ሄዳችሁም ከሥራ አስኪያጁ ጋር ብቻ ሳይሆን ባቡሩ ከሚያድርበትና ከሚጠገንበት ግቢ፣ ከዲፖው፣ መካኒኮች ጋር ተቀመጡ። ባቡሩን ሳይፈታ ጎማውን የሚልግ ቶርኖ ደግሞ ከባቡሩ ጋር፣ በዚያው ውል ይምጣ። ጎማ በየጊዜው ይላጋል። ያለ ቶርኖ ባቡር መግዛት ባቡሩ እንዲቆም መግዛት ነው።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ መለዋወጫው ላይ እንድትጨክኑ ነው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር 41 ባቡር ነበረው፣ የትኬቱ ዋጋ ከ2 እስከ 6 ብር። ከዓመታት በኋላ ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት መቆማቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ነገሩ አይገርምም። ገቢው በብር ነው፣ መለዋወጫው በዶላር። ባጃጅ ሲበላሽ ዕቃው ሱቅ ይገኛል። የባቡሩን ብሬክ የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ግን የሚሠራው አንድ ፋብሪካ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ለእሱም ዶላር ተፈልጎ፣ ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና፣ ኤልሲ፣ ተከፍቶ፣ ዕቃው ጅቡቲ ደርሶ፣ ጉምሩክ አልፎ ነው የሚመጣው፤ እስከዚያ ባቡሩ ዲፖ ውስጥ ይቆማል፣ ከዚያም ለሌላው ሲባል ዕቃው እየተፈታ ይወሰድበታል። ስለዚህ ቢያንስ የአምስት ዓመት መለዋወጫ በብድሩ ውስጥ፣ ከባቡሩ ጋር ይገዛ። ቶሎ የሚያልቁት በዝርዝር ይጻፉ፦ የብሬክ ሸራ፣ ጣሪያው ላይ ሆኖ ከሽቦው ኃይል የሚቀበለው የፓንቶግራፍ ካርቦን፣ ጎማ፣ የበር ሞተር፣ ማጣሪያ፣ የፊት መስታወት። የእያንዳንዱ ዋጋ ለአሥር ዓመት በምን ቀመር እንደሚጨምር ይታሰር። ሥዕሎቹ፣ የጥገና መመሪያውና ብልሽት የሚያነበው ሶፍትዌር ከነይለፍ ቃሉ ለከተማው ይሰጥ። አምራቹ አንድ ዕቃ ማምረት ሲያቆም አስቀድሞ የማሳወቅ ግዴታ ይኑርበት። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ስላለ፣ ወጣት መሐንዲሶች ባቡሩ ሲገጣጠም ፋብሪካው ውስጥ ሆነው እንዲማሩ ቦታ ይያዝላቸው። ርክክብ ቀን የሚመጣ የሁለት ሳምንት ሥልጠና አይበቃም።

ጨረታውን ስትመዝኑ የባቡሩን ዋጋ ብቻ አታወዳድሩ። የ30 ዓመቱን ኃይል፣ መለዋወጫና ትልቁን እድሳት ደምራችሁ አወዳድሩ፤ ርካሽ የመሰለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይገለበጣል። ለግጭትና ለእሳት የሚከተሉትን ደረጃ በቁጥሩ ጥቀሱ፤ “ዓለም አቀፍ ደረጃ ያሟላል” የሚል ዓረፍተ ነገር አያስጠይቅም። ከአውሮፓ ደረጃዎች ኢኤን 15227 ለግጭት፣ ኢኤን 45545 ለእሳት። ከፊርማ እስከ መጀመሪያው ባቡር ሁለት ሦስት ዓመት ስለሚሄድ የምረቃ ቀን ቀድሞ አይታወጅ።

ክፍያው በደረጃ ይሁን፤ የመጨረሻው ድርሻ እያንዳንዱ ባቡር ያለ ተሳፋሪ በራሱ መስመር ላይ የተስማማችሁበትን ኪሎ ሜትር ያለ ከባድ ብልሽት ከሄደ በኋላ ይለቀቅ። የዋስትናው ጊዜ የሚቆጠረው ባቡሩ መርከብ ላይ ከተጫነበት ሳይሆን ከጊዜያዊ ርክክቡ ቀን ነው። የተደጋጋሚ ብልሽት አንቀጽም ይግባ፦ አንድ ዓይነት ጉድለት ከተወሰነ ቁጥር በላይ ባቡሮች ላይ ከታየ፣ አምራቹ ያልተበላሹትንም ጭምር በራሱ ወጪ ያስተካክላል። የአውስትራሊያዋ ሲድኒ በ2021 እ.ኤ.አ. አንዱ መስመሯ ላይ ያሉት 12 ባቡሮች አካላቸው ላይ ስንጥቅ ተገኝቶ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከሥራ ወጥተዋል። ባቡሮቹ ያን ጊዜ አገልግሎት ከጀመሩ ሰባት ዓመት ገደማ ነበር፤ ስለዚህ ለአካሉና ለቦጊው የሚሰጠው ዋስትና ከሁለት ዓመቱ የተለመደ ዋስትና ተለይቶ ቢያንስ አሥር ዓመት ይሁን።