የወላጆቻችሁን መሬት ለእኩል ከመስጠታችሁ በፊት

በሰሜን ሸዋ በሞረትና ጅሩ ወረዳ የእርሻ ውል ስጽፍ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ አድገው የእናት የአባታቸውን መሬት የወረሱ ልጆች አራሹ የሚለውን ሳይረዱ የእኩል (ምርቱን ከአራሹ ጋር በግማሽ የመካፈል) ውል ሲፈርሙ ማየት ነው። ጠቡ የሚመጣው ኋላ አውድማ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስፋቱን አጣሩ። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው። አራት ጥማድ እንደ አንድ ሄክታር ይቆጠራል፤ ተዳፋትና ድንጋያማ ቦታ ላይ ግን በሬ ብዙ አይሄድም። ስለዚህ ውሉ ላይ የይዞታ ደብተሩ ስፋት ይጻፍ፤ አዋሳኞቹም በአራቱም አቅጣጫ በስም ይጠቀሱ።

አፈሩ መረሬ ከተባለ ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ይቋጥራል። በወረዳው ከተማ በእነዋሪ ዙሪያ ስንዴ ሲዘራበት ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው እየሰበሰቡ መደብ ያወጣሉ፤ በመደቦቹ መካከል ያለው ቦይ ውሃውን ያወርዳል። ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነውና አራሹ «መደብ አወጣለሁ» ሲል አቅልላችሁ አትስሙት። ውሃው የት እንደሚወርድም ጠይቁ፤ የታችኛው ጎረቤት ማሳ ላይ ከተለቀቀ ክሱ ለእናንተም ይተርፋል። ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ግን ዝናቡ ሲያባራ፣ አፈሩ በቋጠረው እርጥበት ነው።

ገመሳ የመጀመሪያው እርሻ ነው፤ ድገማና ስለሳ ይከተሉታል። ለጤፍ ይህ አይበቃም፣ አራት አምስት ጊዜ መታረስ አለበት። ከትልሙ ውስጥ የሣር ሥር መዝዛችሁ እዩ፤ ነጭና እርጥብ ከሆነ ገና አልሞተም፣ በሬው ይመለስበት።

አሁን ወደ ክፍፍሉ። እኩል የምርቱ ግማሽ፣ ሲሶ ከሦስት አንዱ ነው። ሲሶው ለባለመሬቱ ይሁን ለአራሹ በግልጽ ይጻፍ። ዘሩንና ማዳበሪያውን ማን ያቀርባል? ወጪው ከምርቱ ላይ ተነሥቶ ነው የምትካፈሉት ወይስ አይነሣም? ጭዱስ? የጤፍ ጭድ በበጋ ለከብት ትልቅ ሀብት ነው፤ ብዙ ውል ግን ስለ እህሉ ብቻ ተናግሮ ይዘጋል።

ኮንትራት መሬቱን በቁርጥ ገንዘብ ማከራየት ነው። እኔ እኩልን እመርጣለሁ፤ ለአንድ ዓመት የተከራየ ሰው ስለ እርከኑ ብዙም አይጨነቅም። እርከን ጠርዙ እየታረሰ በየዓመቱ ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ጎርፍ ይጥሰዋል። «እርከንና ካብ አይነካም፣ የፈረሰውን አራሹ ይጠግናል» የሚል ቃል በየትኛውም ውል አስገቡ።

ወለድ አገድ ላይ ተጠንቀቁ። አበዳሪው በወለድ ፈንታ መሬቱን ያርሳል፤ ዋናው ገንዘብ እስኪመለስ ድረስ አይለቅም። ስለዚህ የመመለሻው ቀን ይቆረጥ። «ሽጥልኝ» ለሚላችሁ ግን መልሱ አጭር ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ይደነግጋል።

ምስክሮች ባሉበት ውሉን በሦስት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን ለአራሹ ስጡ፣ አንዱን ከደብተሩ ጋር አስቀምጡ፣ ሦስተኛውን ይዛችሁ መሬት አስተዳደር ዘንድ አስመዝግቡ።