የፊገር ስኬቲንግ ነጥብ ሳይናደዱ እንዴት ይነበባል?

ፊገር ስኬቲንግን (በረዶ ላይ ባለ ስለት ጫማ አድርገው የሚዘሉበትንና የሚሽከረከሩበትን ስፖርት) የሚወድ ሰው አንድ ቀን «ተዘረፈች!» ብሎ መጮኹ አይቀርም። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጮኼያለሁ። የምደግፋት ልጅ አንዴም ሳትወድቅ ጨርሳ አራተኛ ወጣች። ዘጭ ብላ የተነሳችው ሌላዋ ግን ሜዳሊያ አጠለቀች። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ ዳኞቹን ሳማ ከረምኩ። በመጨረሻ የሰለቸው ጓደኛዬ የውጤት ወረቀቱን ከፍቶ ሰጠኝና «በል እስቲ፣ ይቺ ምልክት ምንድን ናት?» አለኝ። አላውቅም። ምልክቷ የልጅቷ ሦስት ዝላዮች ጎን ተቀምጣለች። አየር ላይ መጨረስ የነበረባትን ዙር የጨረሰችው ካረፈች በኋላ፣ በረዶው ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ማንበብ ተማርኩ። ንዴቴ ቀነሰ። ፕሮግራሞቹ (ስኬተሮቹ በሙዚቃ የሚያቀርቧቸው ትርኢቶች) ለምን እንደሚመሳሰሉም ገባኝ፤ ይሄኛው እንኳን ትንሽ ያሳዝናል።

1. መጀመሪያ ቁጥሩን ሸፍናችሁ እዩ

በቴሌቪዥን ስታዩ ጥግ ላይ አንዲት ሳጥን አለች። ከእያንዳንዱ ዝላይ በኋላ ነጥብ ትደምራለች፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ታበራለች። እኔ አልወዳትም። አንደኛ፣ ቁጥሩ ጊዜያዊ ነው። የቴክኒክ ቡድኑ ቪዲዮውን መልሶ ካየ በኋላ ሊወርድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ዓይን ትሰርቃለች። መብራቷን ስጠብቅ ስንት ቆንጆ ነገር አምልጦኛል። አሁን ወረቀት ቆርጬ ስክሪኑ ላይ እለጥፋለሁ። ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

2. የውጤት ወረቀቱን አውጡ

ፕሮቶኮል ይባላል። የውድድሩ ውጤት በሚለጠፍበት ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ሰው ቆርጦ የሚያዞረውን ምስል አትመኑ፤ ሙሉውን ክፈቱ።

3. የዝላዩን መስመር አንብቡ (እዚህ ጋ ቀስ በሉ)

እያንዳንዱ መስመር አንድ ነገር ነው፦ አንድ ዝላይ፣ አንድ ሽክርክሪት ወይም አንድ የእርምጃ ቅንብር። ከስሙ ቀጥሎ መነሻ ዋጋው አለ። ሉትዝ፣ ቶ ሉፕ እና አክሰል የዝላይ ዓይነቶች ስም ናቸው። ባለ 3 ዙር ሉትዝ 5.9 ነው። ባለ 4 ዙር ቶ ሉፕ 9.5፣ ባለ 4 ዙር ሉትዝ 11.5፣ ባለ 4 ዙር አክሰል 12.5። ይህን ዋጋ ዳኞቹ አይወስኑትም፤ በሠንጠረዥ የተቀመጠ ነው።

ቀጥሎ 9 ዳኞች ለአፈጻጸሙ ጥራት ከ-5 እስከ +5 ይሰጣሉ። ትልቁና ትንሹ ወጥቶ የ7ቱ አማካይ ይያዛል። ለረጅም ጊዜ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። +3 ማለት 3 ነጥብ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እያንዳንዱ ደረጃ የመነሻ ዋጋው 10 በመቶ ነው። ስለዚህ +3 ለባለ 4 ዙር ሉትዝ 3.45 ያመጣል፤ መነሻው 4.2 ለሆነው ባለ 3 ዙር ቶ ሉፕ ግን 1.26 ብቻ። እኩል ያማረ ዝላይ፣ እኩል ያልሆነ ክፍያ። ከባዱ ዝላይ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አሠልጣኞች ከባድ ዝላይ ላይ ሙጭጭ የሚሉትም ለዚህ ነው።

መውደቅስ? በእጃችሁ አስሉት። ባለ 4 ዙር ሉትዝ ዘልሎ የወደቀ ስኬተር ሁሉም ዳኞች -5 ቢሰጡት 11.5 ግማሹ ይሄዳል፤ 5.75 ይቀራል። ለመውደቁ 1 ነጥብ ይቀነሳል። የቀረው 4.75 ነው። በንጹሕ ያረፈ ባለ 3 ዙር ሉትዝ ያለ ምንም ጭማሪ 5.9 ያገኛል። ከ2018 በፊት ግን ጨዋታው ሌላ ነበር። ያኔ ባለ 4 ዙሩ 13.6 ነበር፤ ጥራቱ ቢበዛ 4 ነጥብ ያስቀንሳል፣ ለመውደቁ ደግሞ 1። 8.6 ይተርፋል። እንከን የሌለው ባለ 3 ዙር ሉትዝ ያኔ ቢበዛ 8.1 ነበር። ወድቆ መነሳት ከማሳመር በልጦ ይከፍል ነበር ማለት ነው! በእነዚያ ዓመታት የወንዶቹ ረጅም ፕሮግራም (እያንዳንዱ ስኬተር አንድ አጭርና አንድ ረጅም ያቀርባል፣ ነጥቡ ይደመራል) ለምን በውድቀት እንደተሞላ አሁን ይገባችኋል። ቂል ሆነው ሳይሆን ሒሳብ ስለሚያውቁ ነው።

አሁን ወደ ምልክቶቹ። እኔን ያዋረደችኝ ወደ ግራ የምታመለክት የቀስት ጫፍ (<) ናት። አንዷ ብቻ ካለች ዝላዩ ከሩብ ዙር በላይ ጎድሎታል፤ መነሻ ዋጋው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ሁለት ከሆኑ ግማሽ ዙር ወይም ከዚያ በላይ ጎድሏል፤ ባለ 3 ዙሩ እንደ ባለ 2 ይቆጠራል። «ኪው» (q) የምትል ፊደል ልክ ሩብ ዙር ጎደለ ማለት ናት፤ መነሻውን አትነካም፣ ጥራቱን ግን ታወርዳለች። «ኢ» (e) ደግሞ በተሳሳተ የጫማው ስለት ጠርዝ ተነስቷል ማለት ነው።

እነዚህን ምልክቶች የሚያስቀምጡት ዳኞቹ አይደሉም። ቪዲዮ እየመለሰ የሚያይ ሌላ የቴክኒክ ቡድን አለ። እኔ ሁለት ሳምንት የተሳደብኩት የተሳሳተውን ጠረጴዛ ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስልካችሁ ላይ ቪዲዮ እያቆማችሁ «አልጎደለም!» ብላችሁ አትወራረዱ። ካሜራው ከኋላ ወይም ከሩቅ ከሆነ ሩብ ዙር አይታይም። ተወራርጄ አውቃለሁ፣ ከፍያለሁ።

4. «ኤክስ»ን ፈልጉ

መነሻ ዋጋው ጎን «ኤክስ» (x) ካለች ዝላዩ የመጣው በፕሮግራሙ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። እግር ከደከመ በኋላ ስለሆነ 10 በመቶ ይጨመርበታል። ፍትሐዊ ይመስላል። የ15 ዓመቷ አሊና ዛጊቶቫ በ2018ቱ የፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ በረጅሙ ፕሮግራም ዝላዮቿን በሙሉ ወደ ሁለተኛው አጋማሽ አመጣቻቸው። መጀመሪያ ላይ አንድም የለም። ከዚያ ዝላይ በዝላይ። በረጅሙ ፕሮግራም ከተፎካካሪዋ ከየቭጌኒያ ሜድቬዴቫ ጋር እኩል 156.65 አገኙ፤ በአጭሩ ፕሮግራም ስለበለጠች በ1.31 ነጥብ ወርቁን ወሰደች። አድናቂው ለሁለት ተከፈለ። እኔ ጉልበቷን አደንቃለሁ፤ ፕሮግራሙ ግን ሚዛኑ ተዛብቶብኝ ነበር። በዚያው ዓመት ሕጉ ተቀየረ። ጭማሪው በአጭሩ ለመጨረሻው አንድ ዝላይ፣ በረጅሙ ለመጨረሻዎቹ ሦስት ብቻ ሆነ።

5. ሽክርክሪቱን በፍጥነት እለፉት

ከስሙ ቀጥሎ ያለችው ቁጥር ደረጃው ናት፤ ከፍተኛው 4 ነው። ደረጃ የሚገኘው አስቸጋሪ አቋም በመቀያየር ነው። ሁሉም እግሩን ከጭንቅላቱ በላይ ጎትቶ የሚይዘው ለዚህ ነው። የሚያምርበትም የማያምርበትም ይጎትታል። ነጥቡ ከሰጠን ይልቅ የወሰደብን እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ዝም ብሎ አንድ አቋም ላይ በፍጥነት መሽከርከር እንዴት ያምር ነበር!

6. የአቀራረቡን ነጥብ መጨረሻ ላይ እዩ

ከ2022 ጀምሮ ሦስት ናቸው፦ ቅንብር፣ አቀራረብ እና የስኬቲንግ ችሎታ። ቀድሞ አምስት ነበሩ። እያንዳንዱ ከ10 ይሰጣል። ስም ያለው ስኬተር እዚህ ጋ የሚጠቀም ይመስለኛል፤ መከራከር ከፈለጋችሁ እዚህ ተከራከሩ።

ይህ ሁሉ ወረቀት ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከ2002ቱ የሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ ነው። በጥንዶች ውድድር ፈረንሳዊቷ ዳኛ ጫና ተደርጎባታል የሚል ቅሌት ፈነዳ። ሁለተኛ ወጥተው ለነበሩት ካናዳውያን ሌላ ወርቅ ተሰጠ። ከ6.0 የሚሰጠው የድሮ አቆጣጠር ከዚያ በኋላ ተጣለ። «የድሮው ይሻል ነበር» የሚሉ ሰዎች ናፍቆታቸው ይገባኛል። ግን 5.7 ያገኘ ሰው የጎደለችው 0.3 የት እንደሄደች ማን ይነግረው ነበር?

7. አሁን ደግማችሁ እዩ፣ ከዚያ ተለማመዱ

ለልምምድ የ2010ሩን የቫንኩቨር የወንዶች ውድድር ምረጡ። ሩሲያዊው ፕሉሼንኮ ባለ 4 ዙር ዘለለ። አሜሪካዊው ላይሳቼክ አንድም አልዘለለም፤ ግን ብዙ ዝላዮቹን ወደ ሁለተኛው አጋማሽ አስገብቶ 257.67 ለ256.36 አሸነፈ። ልዩነቱ ይሄም 1.31 ነው፤ አጋጣሚ ነው፣ ግን ሁሌ ይገርመኛል። የሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጉና ያቺ 1.31 ከየት እንደመጣች ፈልጉ። የዚያን ዓመት ሠንጠረዥ ተጠቀሙ። እኔ በዛሬው ዋጋ አስልቼ የማይረባ ቁጥር ወጣልኝ፤ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ።