ሸክላ ማጫወቻው ሲያጉረመርም፦ ባለ ቺንጋና ዳይሬክት ድራይቭ

ከማጫወቻው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው የግራውንድ ሽቦ መታሰሩን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መርፌው ተነስቶም ስፒከሩ «እምም» ካለ ሞተሩን ተዉት። ጣጣው የሽቦ ነው።

ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ካጉረመረመ ቺንጋውን፣ ማለትም ሞተሩን ከሳህኑ የሚያገናኘውን ላስቲክ፣ አውልቁ። መርፌውን የቆመ ሸክላ ላይ አሳርፉና ሞተሩን አስነሱ፤ ቮሊዩሙን አታብዙት። ድምፁ ከቀጠለ ንዝረቱ በሞተሩ ማንጠልጠያ ጎማዎች በኩል እያለፈ ነው። ከጠፋ ቺንጋው ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ኩሽኔታ።

እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው የቺንጋ በሽተኛ ነው። ሰው የብር ማሰሪያ ላስቲክ ያጠልቃል፣ ከካሴት ማጫወቻ ፈቶ ያጠልቃል። አንዱማ ከብስክሌት ካላማዳሪ በመቀስ ቆርጦ አጥልቆ «ሞተሩ አልቆለታል፣ ቀይርልኝ» አለኝ። ቺንጋውን ሳወልቀው ሞተሩ ጸጥ አለ! ያጠረ ቺንጋ የሞተሩን ዘንግ ወደ ጎን ይጎትታል። ኩሽኔታው በአንድ ወገን ይበላል፣ ጎማዎቹ ይወጠራሉ። በ50 ኸርዝ መብራት የሚሠራ የኤሲ ሞተር በሰከንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ የተወጠረ ጎማ ደግሞ ይህን አያበርደውም፣ መርፌው ድረስ ያደርሰዋል። በመቀስ የተቆረጠው ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ ዘፈኑም ይዋልላል።

ለሞዴሉ የተሠራውን ቺንጋ ግዙ። ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚያርፍበትን የሞተሩን መዘውር) እና የሳህኑን ጠርዝ በአልኮል ጥረጉ። ቺንጋውን በቅባታም እጅ አትንኩ። ማንጠልጠያ ጎማው በጥፍር ሲጫኑት እምቢ ካለ ደርቋል፣ ቀይሩት። የሞተሩን ብሎኖች በካቻቢቴ አንቃችሁ አታጥብቁ፤ ሞተሩ መንሳፈፍ አለበት። ለጉዞ የታሰሩትን ብሎኖች ሳይፈቱ ዓመት ሙሉ የሚያዳምጡም አሉ።

ሞተሩ ለብቻውም ከጮኸ ኩሽኔታው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት በቂ ነው። አንድ ጠብታ! የምግብ ዘይት የጨመሩበት ሞተር ከፍቻለሁ፤ ዘይቱ እንደ ሙጫ ደርቆ ዘንጉን ይዞት ነበር።

ማጫወቻው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ የኤሲ ሞተር እዚህ በ50 ሲሠራ በደቂቃ 33 የነበረው ዙር ወደ 28 ገደማ ይወርዳል፣ ሞተሩም ይግላል። የ50 ኸርዝ ፑሌጃ ፈልጉለት።

ቺንጋ በሌለው፣ ሞተሩ ሳህኑን በቀጥታ በሚያዞረው ዳይሬክት ድራይቭ ላይ ሞተሩ ራሱ በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ ብቻ ስለሚዞር ጉርምርምታ ብርቅ ነው። መርፌውን የያዘው እጅ ወደ መሃል በሄደ ቁጥር «እምም» የሚለው ድምፅ ከጨመረ ካርትሪጁ (መርፌው የተተከለበት ክፍል) የሞተሩን ወይም የትራንስፎርመሩን መግነጢሳዊ መስክ እየተቀበለ ነው፤ ካርትሪጁን መከላከያ ባለው ቀይሩት። ፍጥነቱ ከዋዠቀ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካፓሲተር ነው።

የብረት ፍግፍግታ ከሰማችሁ ግን ወዲያው አጥፉ። እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ኤምኬ2 ባሉት ማግኔቱ ከሳህኑ ሥር ነው፤ የወደቀ ብሎንና የብረት ብናኝ ይለቅማል፣ ያ ደግሞ የሞተሩን ጥቅል ሽቦ ይፍቃል። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሳህኑን ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ፣ ብናኙን በፕላስተር እየለጠፋችሁ አንሱት።